ፕሮቲን ኤስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ፕሮቲን ኤስ ዝቅተኛ ነው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት የያዙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ፕሮቲን ኤስ ምንድን ነው?

በደማችን ውስጥ የሚዘዋወር፣ ደም ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው እንዳይረጋ ከሚከላከሉ ፕሮቲኖች አንዱ ነው። በአብዛኛው የሚመረተው በጉበት ሲሆን የደም ስሮች የውስጥ ሽፋንም የተወሰነ ያህል ያመርታል። ጉበት በትክክል ሠርቶ እንዲያወጣው ቫይታሚን ኬ ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ልብ በሉት፤ ኋላ ዋርፋሪን ስለሚባለው መድኃኒትና ስለ ጎመን ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ሽንኩርት ስንከትፍ ጣታችንን ቢላ ሲቆርጠን ደሙ ረግቶ መቆም አለበት። ችግሩ የመርጋት ሥራ አንዴ ከተጀመረ ራሱን በራሱ እያፋጠነ መሄዱ ነው። ስለዚህ ሰውነት ልጓም አበጅቶለታል። ደም የሚያረጋው ትሮምቢን ወደ ጤነኛው የደም ስር ግድግዳ ሲደርስ ሥራው ይገለበጥና ፕሮቲን ሲ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። የተቀሰቀሰው ፕሮቲን ሲ ደግሞ የመርጋት አፋጣኞች የሆኑትን ፋክተር 5ን እና ፋክተር 8ን እየቆረጠ ከሥራ ውጪ ያደርጋቸዋል። ፕሮቲን ኤስ የዚህ ቆራጭ ረዳት ነው። ረዳቱ ሲጎድል ቆራጩ ቢኖርም ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ልጓሙ ይላላል።

«ኤስ» የምን ምልክት ነው?

የከተማ ስም ነው። ፕሮቲኑ ተለይቶ በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጸው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትል ከተማ በሚሠሩ ተመራማሪዎች ስለሆነ የከተማዋን የመጀመሪያ ፊደል ያዘ። ከሰልፈርም፣ ከስኳርም፣ በሽንት ከሚታየው ፕሮቲንም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ፕሮቲን ከሆነ ሥጋ፣ እንቁላልና ምስር ብበላ አይስተካከልም?

አይስተካከልም። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ጥቃቅን ክፍሎቹ ይበተናል፤ ከዚያ ጉበት በራሱ ንድፍ የሚያስፈልገውን ይሠራል። በዘር የመጣ ጉድለት ካለ የተበላሸው ንድፉ ነው። የግንባታው ንድፍ ስህተት ከሆነ ድንጋይና ሲሚንቶ መጨመር ቤቱን አያቃናውም።

ደሜ ወፍሯል ማለት ነው?

አይደለም። በአማርኛ «ደም አቅጣኝ» የምንለው የመድኃኒት ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ዋርፋሪንም ሆነ ሄፓሪን ደምን እንደ ሾርባ አያቀጥኑትም፤ የሚያደርጉት የመርጋቱን ፍጥነት መቀነስ ነው። ፕሮቲን ኤስ የጎደለው ሰው ደም ከማንም ደም አይወፍርም፤ ለመርጋት ይቸኩላል እንጂ።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ደሜ ወፍሮ ነው» ብሎ ደም ለግሶ ለመዳን የሚሞክር፣ በየማለዳው በባዶ ሆድ ሎሚ የሚጠጣ፣ ወይም በተቃራኒው «ደሜን አቅጥኖ ደም ማነስ ያመጣብኛል» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ጥቂት አይደለም። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው።

ጉድለቱ ምን ያመጣል? ምልክቱስ?

ጉድለቱ በራሱ ምልክት የለውም። አያደክምም፣ አያሳክክም፣ ራስ አያዞርም። ብዙዎች አንድም ቀን ደም ሳይረጋባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የሚታወቀው ደም ሲረጋ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በእግር ጥልቅ ደም መላሽ ስሮች ውስጥ ነው። አንድ እግር ብቻ ያብጣል፤ ባት ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። ሁለቱም እግሮች እኩል ካበጡ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ይመረመራል።

ከረጋው ደም ቁራጭ ተገንጥሎ ሳንባ ውስጥ ሲቀረቀር ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ራስን መሳት ይከተላል። ይህ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ በአንጎል ወይም በሆድ ደም መላሾች ውስጥም ይረጋል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም በደም ቅዳ መዘጋት የሚመጣ ስትሮክ ያገኘው ሰው ግን ምክንያቱን ፕሮቲን ኤስ ላይ ከመፈለጉ በፊት የደም ግፊቱን፣ ስኳሩንና ሲጋራውን ቢያይ ይሻለዋል።

ባቴ አብጧል። ወጌሻ ቢያሸኝስ?

እባክዎ አይታሹ። ባት ሲያብጥ «ምች ነው»፣ «ጅማት ዞሮ ነው» እየተባለ ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብቶ መታሸት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ወጌሻ ለወለምታና ለውልቃት የሚታመንበት ባለሙያ ነው፤ ጣቱ ግን ጥልቅ ደም ስር ውስጥ ያለውን አያይም። በውስጡ የረጋ ደም ካለ ያንን ባት መጫንና ማሸት ቁራጩን አላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል። ሳይወድቁ፣ ሳይረግጡ፣ ሳይመቱ አንድ እግር ካበጠ መጀመሪያ የደም ስር አልትራሳውንድ ይነሡ።

በዘር ይተላለፋል? ልጆቼን ላስመርምር?

ይተላለፋል። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል በክሮሞዞም 3 ላይ ይገኛል፤ ከአባትና ከእናት አንድ አንድ ቅጂ እንወርሳለን። አንዱ ቅጂ ጉድለት ካለበት መጠኑ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከወላጆች አንዱ ተሸካሚ ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በየሕዝቡ ያለው ስርጭትም ይለያያል፤ በጃፓን «ቶኩሺማ» በሚል የአካባቢ ስም የሚታወቀውን የዚህን ፕሮቲን ለውጥ ከ55 ሰው አንዱ ገደማ ተሸክሞታል።

ልጅን ስለማስመርመር የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ውጤቱ የሚለውጠው ውሳኔ ሲኖር ይመርመሩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሮጦ ከመጫወት በቀር የሚወስነው ነገር የለም። ልጅቷ አድጋ ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ልትጀምር ወይም ልታረግዝ ስታስብ፣ ወይም ልጁ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሲጠብቀው ግን ማወቁ ይጠቅማል።

ውጤቴ ዝቅተኛ ወጣ። በሽታው አለብኝ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደመሥራቴ ከዚህ ምርመራ ጋር በተያያዘ አዘውትሬ የማየው ችግር የመለኪያው ስህተት አይደለም፤ ምርመራው በማይሆን ቀን መታዘዙ ነው። ፕሮቲን ኤስን የሚቀንሱ ነገሮች ብዙ ናቸው፦ እርግዝና፣ የወለዱ ሰሞን፣ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን፣ የጉበት ሕመም፣ ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም፣ ኤችአይቪ፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የቫይታሚን ኬ እጥረት፣ ዋርፋሪን መውሰድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደሙ በረጋበት ሰሞን መመርመር።

አንድ የምርመራ መጠየቂያ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ታካሚዋ ከወለደች 12 ቀኗ ነው፤ እግሯ ላይ ደም ረግቶ ዋርፋሪን ከጀመረች አምስት ቀን ሆኗታል። መጠኑን የሚያወርዱ ሦስት ምክንያቶች በአንድ ወረቀት ላይ ተሰልፈዋል። ውጤቱ 31 በመቶ ወጣ፤ እሷም «ዕድሜ ልክ የሚቆይ የደም በሽታ አለብሽ» ተብላ፣ እህቶቿ ሁሉ እንዲመረመሩ ተነግሯቸው ሄደች። ሕክምናዋን ጨርሳ፣ መድኃኒቱን ካቆመች ወራት ካለፉ በኋላ ሲደገም 74 በመቶ ሆነ። በዚያ መካከል ያለቀሰችውን ማን ይመልስላታል? ስለዚህ ውጤት ሲሰጥዎ ቁጥሩን ከማየትዎ በፊት ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ይመልከቱ። ያን ሰሞን እርጉዝ፣ አራስ፣ ታማሚ ወይም ዋርፋሪን ላይ ከነበሩ ወረቀቱ ለጊዜው ምንም አልተናገረም። ጉድለት አለ የሚባለው በተረጋጋ ጊዜ ተደግሞ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ነው።

የናሙናው አያያዝም አለ። ደሙ የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባለው፣ ሲትሬት የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ በያዘ ብልቃጥ ነው፤ እስከ ምልክቱ ድረስ ካልሞላ የደሙና የፈሳሹ ምጣኔ ይዛባል። በሰዓታት ውስጥ በማሽን ተሽከርክሮ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ካልተለየና ወዲያው ካልተመረመረ ወይም ካልቀዘቀዘ ፕሮቲን ኤስ እየደከመ ይሄዳል፤ ሩቅ መንገድ የተጓዘ ናሙና ሐሰተኛ ዝቅተኛ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ወረቀቱ ላይ «ጠቅላላ»፣ «ነፃ» እና «የሥራ አቅም» የሚሉ ሦስት ዓይነት ውጤቶች አሉ። የትኛውን ልይ?

በደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ኤስ 60 በመቶ ያህሉ ከሌላ ተሸካሚ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ለፕሮቲን ሲ ረዳት ሆኖ የሚሠራው በዋናነት ያልተጣበቀው 40 በመቶ ነው፤ «ነፃ» የሚባለው ይኸው ነው። «ጠቅላላ» ሁለቱን ይደምራል፤ «የሥራ አቅም» ደግሞ ፕሮቲኑ ሥራውን ምን ያህል እንደሚሠራ ይለካል። ነፃው ዝቅ ብሎ ጠቅላላው ጤነኛ የሚመስልበት ጉድለት ስላለ፣ አንድ ብቻ መምረጥ ካለብኝ ነፃውን እመርጣለሁ።

የሥራ አቅም ምርመራ በቀላሉ የሚታለል ነው። ሪቫሮክሳባን ወይም አፒክሳባን የተባሉትን ደም አቅጣኝ ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣና ጉድለቱ ሊደበቅ ይችላል። መደበኛው መጠን ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል፤ የሴቶችም ከወንዶች ዝቅ ይላል። የራስዎን ቁጥር ከወንድምዎ ቁጥር ጋር አያወዳድሩት።

ጉድለቱ ተረጋግጧል፣ ደም ግን ረግቶብኝ አያውቅም። መድኃኒት ልጀምር?

ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። በየዕለቱ ደም አቅጣኝ መዋጥ የመድማት አደጋ አለው፤ ያልመጣን መርጋት ለመከላከል ብሎ ያንን አደጋ ዓመት ከዓመት መሸከም አያዋጣም። የሚያስፈልገው አደጋ የሚጨምርባቸውን ወቅቶች ማወቅ ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ በጀሶ የታሰረ እግር፣ ከአልጋ የሚያውል ሕመም፣ ወሊድ። በእነዚያ ቀናት ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ መከላከያ መርፌ ሊያዝልዎ ይችላል፤ የሚያዝልዎ ግን ጉድለቱን ከነገሩት ነው።

ደም የረጋበት ሰው ጉዳይ ይለያል። ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ነው። መነሻ ምክንያት ሳይኖር በድንገት የረጋበትና ጉድለቱም የተረጋገጠለት ሰው ከዚያ በኋላም ላልተወሰነ ጊዜ እንዲቀጥል ብዙ ጊዜ ይመከራል።

ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ጎመን ልተው?

አይተዉ፤ አያወዛውዙት እንጂ። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመከልከል ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን የሚያስተካክለው በሚበሉት ልክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጎመን የሚበላ ሰው ለዚያ የሚመጥን መጠን ይሰጠዋል፤ ፈጽሞ የማይበላውም እንደዚያው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አቆጣጠር ፈተና ያመጣል። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ ከእንጀራው ላይ አይጠፉም። ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ገበታው ዶሮ ወጥና ክትፎ ይሆናል፤ ጎመኑ ይረሳል፣ ጠላና አረቄው ይጨመራል። የዋርፋሪኑ መጠን ግን ያው የጾሙ ነው። ብዙዎች በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን የሚፈለገው አይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ልኬት) በዚያ ሰሞን ሽቅብ ሊወጣና መድማት ሊያመጣ ይችላል። ጾም ሲገባ ደግሞ ተገልብጦ ይወርዳል። ስለዚህ ጾም በገባና በተፈታ በሳምንቱ ውስጥ አይኤንአር ማስለካት ጥሩ ልማድ ነው። ለወገብ ሕመም ብሎ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛትም ይቅር፤ ሁለቱም ከዋርፋሪን ጋር ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ።

የትኛውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ልጠቀም?

ጉድለቱ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን፣ ማለትም በየቀኑ የሚዋጠውን ጥምር ኪኒን፣ መጠቀም የለባትም። መዳብ ያለው ሉፕ ሆርሞን ስለሌለው በዚህ በኩል ስጋት የለውም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ስላለበት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚወሰደው የሦስት ወር መርፌ ግን ጥያቄ አለበት። ኤስትሮጅን ባይኖረውም ጥናቶች ከደም መርጋት ጋር የተወሰነ ግንኙነት አሳይተዋል። በተለይ ከዚህ በፊት ደም የረጋባት ሴት ሌላ አማራጭ ብታስቀድም ይሻላል። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «እኔም፣ እናቴም ደም ረግቶብን ያውቃል» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር አትርሺ፤ ካልተናገርሽ የሚጠይቅሽ ላይኖር ይችላል።

እርጉዝ ነኝ። ከወለድኩ በኋላ አራስ ቤት መተኛቱስ?

በእርግዝና ፕሮቲን ኤስ በተፈጥሮ ይወርዳል፤ ሰውነት ለወሊዱ መድማት መዘጋጀቱ ነው። በእርግዝና ወቅት ነፃ ፕሮቲን ኤስ የግድ ከተለካ እንደ ጉድለት የሚጠረጠረው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ከ30 በመቶ በታች፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ24 በመቶ በታች ሲሆን ነው። መድኃኒት ካስፈለገም እንደ ኢኖክሳፓሪን ያለ የሄፓሪን መርፌ ይሰጣል፤ ወደ ፅንሱ አያልፍም። ዋርፋሪን ግን ያልፋል፤ በተለይ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ ቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ለምታጠባ እናት ሁለቱም ይሆናሉ።

ለመርጋት አደጋው የሚበረታው ከወሊድ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ነው፤ እነዚያው ደግሞ አራስ ከአልጋ እንዳትወርድ የምንጠብቅባት ሳምንታት ናቸው። ገንፎው፣ አጥሚቱና የጎረቤት ጥየቃው ይቀጥል፤ እሰየው። መተኛቱ ግን ይቀነስ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ ትነሣ፣ ትራመድ፣ ውኃ ትጠጣ። እናቶቻችን «ብርድ ይገባታል» ብለው ቢቆጡ፣ ካልሲና ነጠላ ደርባ ሳሎን ውስጥ መንሸራሸር ትችላለች።

ረጅም በረራ ያሰጋኛል?

ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ፣ በአውሮፕላንም ሆነ በአውቶቡስ፣ አደጋውን በሁለት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ግምት ለጤነኛ ሰው ከ6,000 አንድ ያህል ነው፤ ስለዚህ ሽብር አያስፈልግም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚመጣ ጉድለቱ ያለበት ሰው ግን መተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ይምረጥ፣ በየሰዓቱ ይነሣ፣ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ እንደ ግንድ አይጋደም። ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት መድኃኒት ያቆመ ከሆነ ከበረራው በፊት ስለ መከላከያ መርፌ ይጠይቅ።

ዋርፋሪን ራሱ ፕሮቲን ኤስን ይቀንሳል ካላችሁ ለምን ይሰጠኛል?

ብልህ ጥያቄ ነው። ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬን ሲከለክል የሚያረጉትንም፣ ልጓም የሆኑትን ፕሮቲን ሲንና ኤስንም አብሮ ያወርዳል። ፕሮቲን ሲ በሰዓታት ውስጥ ሲያልቅ ዋናው አርጊ ግን ለመውረድ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ከበፊቱ ይልቅ ለመርጋት ሊቸኩል ይችላል። ከሳምንት በኋላ ሚዛኑ ዞሮ መድኃኒቱ ይጠብቃል።

በእነዚያ ቀናት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል፣ ጉድለቱ ባለባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ የጡት፣ የጭን ወይም የመቀመጫ ቆዳ በከባድ ሕመም ይቀላና ይጠቁራል፤ ቆዳው እየሞተ ነው። ለዚህ ነው ዋርፋሪን ከሄፓሪን መርፌ ጋር ተደርቦ የሚጀመረው፦ ቢያንስ ለአምስት ቀን፣ እንዲሁም አይኤንአር 2 ደርሶ አንድ ቀን እስኪቆይ። «ኪኒኑን ጀምሬአለሁ፣ መርፌው ያማል፣ ውድም ነው» ብሎ በሁለተኛው ቀን መርፌውን መተው አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ምርመራውን ለመድገም መድኃኒቴን ላቋርጥ?

በራስዎ ውሳኔ በፍጹም። ዋርፋሪን ከቆመ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ብዙዎች ደግሞ ከዚያም በላይ መጠበቅ ይመርጣሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ያለ መከላከያ መቆየት የሚቻል መሆኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አንዳንዱ ሰው በመርፌ ተተክቶለት ይጠብቃል። ሌላው ደግሞ ውጤቱ ምንም ሆነ ምን መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ የሚወስድ ነው፤ ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ሳንባው ላይ ደም የረጋበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምርመራው የሚጠቅመው ምናልባት ለሴት ልጁ ነው፤ እሷ ደግሞ መድኃኒት ስለማትወስድ የራሷን ክንድ ሰጥታ መመርመር ትችላለች።